ቅጠሉን ሳይገለብጡ መድኃኒት አይርጩ

በግቢው የወይን ተክል ያለው ሰው ደስታው ሁለት ጊዜ ነው። በፀሐይ ወራት ከተክሉ ሥር ጥላ ያገኛል፤ በክረምት መግቢያም ከቅጠሉ መካከል ፍሬውን ይቈርጣል። እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚወጣው ወደ ወይኑ ሥር ነው፤ ቡናውም የሚፈላው እዚያው ነው። ስለዚህም ቅጠሉ መገርጣት የጀመረ ዕለት የቤቱ ሰው ሁሉ ይጨነቃል፤ ጎረቤቱም ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «አመድ በትንበት» ይላል፤ ሁለተኛው «የሳሙና ውሃ እርጭበት» ይላል፤ ሦስተኛውም «ምን ትጠብቃለህ፥ ቍረጠው» ይላል። ዳሩ ግን የምክር ብዛት ተክሉን አያድነውም፤ የሚያድነው በሽታውን ለይቶ ማወቅ ነው። የዛሬው ዓምዳችንም የሚናገረው ስለዚሁ ስለ መለየት ነው።

ቋንቋውን በመማር ላይ ላሉ አንባቢዎቻችን አስቀድመን ጥቂት ቃላት እንፈታለን። ከመሬት የሚወጣው ዋናው እንጨት «ግንድ» ይባላል። ከግንዱ ተነሥቶ በግድግዳ ወይም በአጥር ላይ የሚሳበው ረጅም ቅርንጫፍ «ሐረግ» ነው። በየዓመቱ ከሐረጉ ላይ አዲስ የሚወጣው ለጋ ቅርንጫፍ «ቀንበጥ» ይባላል። ሐረጉ የሚያርፍበት የእንጨት ወይም የሽቦ ድጋፍ «ርብራብ» ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ተሰብስቦ የሚንጠለጠለው ፍሬ «ዘለላ» ይባላልና «አንድ ዘለላ ወይን» እንላለን። በቅጠሉ ውስጥ እንደ መረብ የተዘረጉት መስመሮች «ጅማት» ናቸው። ትርፉን ቅርንጫፍ በወቅቱ መቍረጥ ደግሞ «መግረዝ» ይባላል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ የራሴ ስሕተት ስለሆነ፥ እርሱን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

በመቀሌ ከምኖርበት ቤት አጠገብ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። ጎረቤቶቻቸው ሁላችን «አደይ» እንላቸዋለን፤ ይህም በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው። በግቢያቸው ውስጥ ሟች ባለቤታቸው በእጃቸው የተከሉት አንድ ጥቁር ወይን አለ፤ ሐረጉም ግድግዳውን ይዞ እስከ ጣራው ክፈፍ ይደርሳል። አደይ ከፍሬው ለጎረቤት ያድላሉ፤ የተረፈውንም ሸጠው ለባለቤታቸው የዓመት መታሰቢያ ዝክር ወጪ ያደርጉታል። ያ ተክል ለእርሳቸው አትክልት ብቻ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት በሚያዝያ ወር በእኔ ወይን ቅጠል ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ታየ። ድኝ ረጨሁበት፤ ዳነም። ይህ መዳን አኰራኝ። በዚያው ዓመት በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ጧት አደይ በአጥሩ በኩል ጠሩኝና፥ «ልጄ፥ ወይኔ ታሞብኛል፤ እስቲ ግባና እይልኝ» አሉኝ። ወደ መሥሪያ ቤት ለመድረስ ቸኵዬ ነበርና ሳልገባ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ አየሁ። ቅጠሉ በየቦታው ገርጥቶአል። «ይህማ የእኔው በሽታ ነው» አልሁ። የተረፈኝን ድኝ በጥቅል አድርጌ በአጥሩ ላይ አቀበልኋቸው፤ አበጣጠሩንም ነገርኋቸው። አደይም፥ «አንተ የተማርህ ነህ፤ እንዳልኸኝ አደርጋለሁ» ብለው ተቀበሉኝ።

እንዳልሁአቸውም አደረጉ። ዝናቡ ግን ይዘንብ ነበር፤ ቅጠሉም ከቀን ወደ ቀን እየጠወለገ ይረግፍ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ዘለላዎቹ በራቁት ሐረግ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ቅጠል የሌለው ወይን ፍሬውን የሚያጣፍጥበት ኀይል የለውምና፥ ፍሬው እንደ ኮመጠጠ ቀረ። በመጨረሻ አንዲት የእርሻ ባለሙያ በጎረቤት ልመና መጥታ ወደ ግቢው ገባች። ከቀሩት ጥቂት ቅጠሎች አንዱን ቀንጥሳ ገለበጠችው። ከበታቹ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነጭ ነገር ነበረበት። ወደ እኔም ዘወር ብላ፥ «ጌታዬ፥ የበላዩን አይተው ይሆናል፤ የበታቹን ግን አይተዋል?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

የዚያን ዓመት ዝክር የተደረገው በብድር ነው። የፍሬውን ዋጋ ልክፈል ብዬ ገንዘብ ይዤ ብሄድ፥ አደይ እጄን መለሱት። «ገንዘብህን ያዝ፤ ዳግመኛ ለሰው ስትመክር ግን ገብተህ እይ» አሉኝ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ገብቼ ያየሁትንና የተማርሁትን ለአንባቢዎች እነሆ አቀርባለሁ።

አመዳማው ሻጋታ

የወይን ቅጠል ከሚታመምባቸው በሽታዎች ሁለቱ ከሁሉ ይልቅ የታወቁ ናቸው። ሁለቱም መጀመሪያ የመጡት ከሰሜን አሜሪካ ነው፤ ሁለቱም ነጭ ነገር ያሳያሉ፤ ስለዚህም ሰው አንዱን በሌላው ይሳሳታል። ጠባያቸው ግን እንደ በጋና እንደ ክረምት የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው አመዳማው ሻጋታ ነው። በቅጠሉ ፊት ላይ አመድ ወይም ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። በአውራ ጣት ሲያብሱት ይነሣል፤ ከሥሩም ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል፤ በሽታው ሲቈይ ግን ቦታው ይጠቍራል። በቅጠሉ በሁለቱም ፊት ሊበቅል ይችላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ለዓይን የሚታየው ከላይ ነው። ለጋው ቅጠል ዳር ዳሩ ይኰማተራል። ሕመሙ ወደ ፍሬው ሲደርስ የፍሬው ቅርፊት ማደግ ያቆማል፤ ውስጡ ግን ያድጋልና ፍሬው ይሰነጠቃል። ብዙ የታመመ ወይን አጠገብ የቆመ ሰው የሻጋታ ሽታ ይሸተዋል።

ይህ ሻጋታ የሚኖረው በቅጠሉ ቆዳ ላይ ነው፤ ጥቃቅን መጣቢያዎቹን ብቻ ወደ ውስጥ ሰዶ ምግቡን ይስባል። ሊስፋፋ ዝናብ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም የሚያጥበው ዝናብ ይጎዳዋል። የሚወድደው ደመናማ፥ ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር፥ እንዲሁም ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ብርሃን የማይገባበትን ቦታ ነው። ሙቀቱ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በፍጥነት ይራባል፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ይደክማል። ስለዚህም በደጋው አገራችን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ መጠበቅ የሚገባን ይህንን ጠላት ነው። የዘንድሮው ሻጋታ በእንቡጡ ውስጥ ተደብቆ ለከርሞ ሊያድር ይችላልና፥ አምና የታመመ ወይን ዘንድሮም በቶሎ ይታያል።

መድኃኒቱ ድኝ ነው፤ በመጽሐፍ «ዲን» ተብሎም ይገኛል። ይህ መድኃኒት አዲስ አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ማርጌት በምትባል ከተማ ተከር የተባለ አትክልተኛ ይህን ሻጋታ በመስተዋት ቤት ባሉት ወይኖቹ ላይ አየ፤ ድኝና ኖራ ቀላቅሎም ሞከረበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሽታው ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በ1850ዎቹ የወይን ምርትን እጅግ አሳነሰው፤ ያቆመውም ድኝ ነው። ዛሬ በእርሻ መድኃኒት መደብር በውሃ የሚበጠበጥ ድኝ ይገኛል። ልኩ በመያዣው ላይ ተጽፎአልና እርሱን መከተል ግድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለ10 ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 30 ግራም ይሆናል። ቀንበጡ አንድ ስንዝር ሲያህል መጀመርና በየ10 ወይም በየ14 ቀን መድገም ይገባል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ግን ድኝ ቅጠሉን ያቃጥላልና፥ ጧት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይርጩ። ዘይትነት ያለው መድኃኒት የተረጨበትን ተክልም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይቈይ ድኝ አይርጩበት።

ድኝ ያላገኘ ሰው ወተት መሞከር ይችላል። በአውስትራሊያ የወይን እርሻዎች በተደረገ ሙከራ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ሲረጭ ይህንኑ ሻጋታ እንደሚቀንስ ታይቶአል። ነገር ግን ሕመሙ ሳይበረታ መጀመርና ቅጠሉን በሁለቱም ፊት በደንብ ማዳረስ ያስፈልጋል።

የዝናብ ሻጋታ

ሁለተኛው የአደይን ወይን ያራቈተው ነው። በዝናብ ጊዜ ስለሚመጣ የዝናብ ሻጋታ እንበለው። ሊቃውንት በዛሬው ዘመን እንደሚያስረዱት፥ ሻጋታ ይመስላል እንጂ ከእውነተኞቹ ሻጋታዎች ወገን አይደለም፤ ዝምድናው በባሕር ውስጥ ከሚበቅሉት ቡናማ አልጌዎች ጋር ይቀርባል። ይህን ማወቅ ለጓሮ ባለቤት ትርፍ ነገር አይምሰል። የውሃ ፍጡር ስለሆነ ዘሩ በውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍም ዋኝቶ ቅጠሉ ወደሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። እነዚህም ቀዳዳዎች ያሉት በወይን ቅጠል በበታቹ ፊት ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ በቅጠሉ የላይ ፊት ዘይት የተንጠባጠበበት ወረቀት የሚመስል ቢጫማ ክብ ነጥብ ይታያል። ይህ ነጥብ በጣት ቢታሸም አይነሣም። ከእርጥብ ሌሊት በኋላ ቅጠሉን ሲገለብጡት፥ ልክ ከነጥቡ ሥር ነጭ ለስላሳ ብናኝ በቅሎ ይገኛል። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጥቡ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ ቅጠሉም ይረግፋል። በአረጀ ቅጠል ላይ ነጥቦቹ በጅማቶቹ መካከል ተከልለው እንደ ንጣፍ ድንጋይ ማዕዘን ማዕዘን ይሆናሉ። ለጋ ዘለላ ሲያዝ ነጭ ለብሶ ይጠወልጋል፤ መብሰል የጀመረ ፍሬ ግን በራሱ በቀላሉ አይያዝም፤ የሚጎዳው በቅጠሉ መርገፍ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ለሚቸገር ሰው ቀላል ፈተና አለ። ነጥብ ያለበትን ቅጠል ከረጠበ ጨርቅ ጋር በፌስታል ውስጥ ያድርጉና አፉን አስረው ሞቅ ባለ ጨለማ ቦታ ያሳድሩት። የዝናብ ሻጋታ ከሆነ በማግሥቱ ጧት ከነጥቡ በታች ነጩ ብናኝ በቅሎ ይጠብቅዎታል። ይህ ፈተና አንዲት ሌሊት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚያ ሐምሌ አንዲት ሌሊት ታግሼ ቢሆን ኖሮ የአደይ ፍሬ ባልጠፋ ነበር።

በሽታው ሲጀምር የሚፈልገውን ወይን ተካዮች «ሦስቱ ዐሥሮች» ይሉታል፤ ይኸውም 10 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ቀንበጥ፥ 10 ሚሊ ሜትር የሚያህል ዝናብና 10 ዲግሪ ሙቀት ነው። በደጋው ሰኔ ሲገባ ሦስቱም በአንድነት ይገኛሉ።

የዝናብ ሻጋታ ጠላቱ መዳብ ነው። የዚህም መድኃኒት ታሪክ የሚያስገርም ነው። በሽታው በፈረንሳይ አገር የታወቀው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. ነው። በ1882 ዓ.ም. የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሚያርዴ በሜዶክ አገር ሲያልፍ፥ ሌሎቹ ወይኖች ቅጠላቸው ረግፎ ሳለ በመንገድ ዳር ያሉት ብቻ ለምልመው አያቸው። ባለቤቶቹን ቢጠይቅ፥ መንገደኛ ዘለላውን እንዳይቀጥፍ መርዝ ለማስመሰል በሰማያዊ የመዳብ ጨውና በኖራ እንደሚቀቧቸው ነገሩት። ለሌባ የተዘጋጀው ቀለም በሽታውንም አባርሮ ነበር። ሚያርዴ ነገሩን መርምሮ በ1885 ዓ.ም. ለሕዝብ ገለጸው፤ ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በከተማው ስም «የቦርዶ ውሁድ» ሲባል ይኖራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 100 ግራም የመዳብ ሰልፌት በ5 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ያሟሙ፤ መዳቡ ብረትን ስለሚበላ የብረት ዕቃ አይሆንም። በሌላ ባልዲ 100 ግራም ውሃ የጠጣ ዱቄት ኖራ በ5 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ። ከዚያ የመዳቡን ውሃ ቀስ እያሉ በኖራው ላይ እያማሰሉ ያፍስሱ። ንጹሕ ምስማር ጥቂት ደቂቃ ነክረው ያውጡ፤ ምስማሩ የመዳብ ቀይ ቀለም ከያዘ ኖራው አንሶአልና ይጨምሩበት፤ አለዚያ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። በጨርቅ አጥልለው በዚያው ዕለት ይርጩት፤ ካደረ አይረባም። ሲረጩም የመርጫውን አፍ ሽቅብ አድርገው የቅጠሉን የበታች ፊት ያዳርሱ፤ ጠላት የሚገባበት በር እርሱ ነውና።

አንድ ነገር በደንብ ይታወቅ። መዳብ በር ጠባቂ እንጂ ፈዋሽ አይደለም። በሽታው ከቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ከሥሩ አይነቅለውም፤ ገና ያልታመመውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ የመጀመሪያው ርጭት ከዋናው ዝናብ በፊት መሆን አለበት፤ ከባድ ዝናብ ካጠበውም ይታደሳል። ፍሬው ሊቈረጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ርጭቱ ይቁም፤ በመደብር የተገዛ ውሁድ ከሆነ ደግሞ በመያዣው ላይ የተጻፈው የቀን ልክ ይጠበቅ። ፍሬውም ሳይታጠብ አይበላ።

መዳብ ከመሬት አይጠፋም፤ ከዓመት ወደ ዓመት ይጠራቀማል፥ የአፈሩንም ትሎች ይጎዳል። ስለዚህ የአውሮጳ ኅብረት ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ (በአውሮጳ አቆጣጠር) በአንድ ሄክታር ላይ በሰባት ዓመት ከ28 ኪሎ ግራም በላይ መዳብ እንዳይደረግ ወስኖአል። ለእኛም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ያልታመመውን አያክሙ፥ ሳይለዩም አይርጩ። በሚረጩበት ጊዜ እጅዎን፥ ዓይንዎንና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ሕፃናትንና ዶሮዎችን ከግቢው ያርቁ፤ የተረፈውንም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጕድጓድ ውሃ አይድፉ፤ ዓሣን ይገድላልና።

በሽታ የሚመስሉና ሌሎችም

በቅጠሉ ፊት ላይ ጕብ ጕብ ያለ እብጠት ታይቶ፥ ሲገለብጡት ከእብጠቱ በታች ባለው ጐድጓዳ ቦታ ነጭ ወይም ቡናማ ጠጕር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ቢገኝ፥ ይህ ሻጋታ አይደለም። በዓይን የማትታይ፥ የመዥገር ዘመድ የሆነች ፍጥረት ቅጠሉን በመምጠጧ የሚመጣ ነው። መልኩ ያስፈራል፤ ጕዳቱ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ቅጠል ብቻ ከተያዘ ለቅሞ መጣል ይበቃል። ከዝናብ ሻጋታ የሚለየው፥ ያኛው እብጠት ስለሌለው ነው።

ዱቄትም ብናኝም ሳይኖር ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቢቀሩ፥ የተክሉ ችግር ረኀብ ነው። የመቀሌ አካባቢ ምድር የኖራ ድንጋይ ነው፤ ኖራ የበዛበት አፈር ደግሞ በውስጡ ያለውን ብረት አስሮ ይይዛልና ወይኑ ሊጠጣው አይችልም። እንዲህ ባለው አፈር ላይ አመድ መበተን ኖራውን ማገዝ ነው፤ «አመድ በትንበት» ያለው ጎረቤት በዚህ ተሳስቶአል። የሚረዳው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከሥሩ ማድረግ፥ ውሃ አለማብዛትና ችግሩ ከበረታ ባለሙያ ጠይቆ ተክሉ ሊጠጣው በሚችል መልክ የተዘጋጀ የብረት ማዳበሪያ መስጠት ነው። በአንጻሩ ቢጫው ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ጀምሮ ጅማቱን ጭምር ቢያገረጣ፥ ተክሉ የናፈቀው ራሱን ማዳበሪያውን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መድኃኒት የሌለው ነው። በጥቁር ወይን ላይ ወደ ወቅቱ መጨረሻ ቅጠሉ ቀልቶ፥ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ፥ ዳር ዳሩም ወደ ታች ቢጠቀለል፥ ይህ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ድኝም መዳብም አይነካውም። ተክሉ በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ ፍሬው ግን ዘግይቶ ይበስላል፥ ጣዕሙም ይቀንሳል። የሚተላለፈው ጥጥ በለበሱ ጥቃቅን ነፍሳትና ከሁሉ በላይ በችግኝ ነው። በአገራችን ወይን ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ቅርንጫፍ ተቈርጦ በመሰጣጠት ስለሆነ፥ እንዲህ ካለው ተክል ቈርጦ ለወዳጅ መስጠት ስጦታ ሳይሆን በሽታ ማውረስ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ ለመቀበል ያሰበ ሰው ፍሬው በሚያልቅበት ወራት ሄዶ ቅጠሉን አስቀድሞ ይመልከት።

የዓመቱ ሥራ

ከመድኃኒት ሁሉ በፊት የሚቀድመው አየርና ብርሃን ነው። በጥር ወር፥ ምድሩ ደረቅ ሳለ፥ ወይኑን ይግረዙ፤ ሐረጎቹ እንዳይደራረቡ በርብራቡ ላይ ለያይተው ይሰሩ፤ የታመመውን ቅርንጫፍ ያቃጥሉ። መቍረጫውንም ከተክል ወደ ተክል ሲሻገሩ ይጥረጉት። ከመጋቢት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ለጋውን ቅጠል በጣትዎ እያበሱ አመዳማውን ሻጋታ ይፈልጉ፤ የታየ እንደሆነ ድኝ ይርጩ። በግንቦት ዘለላውን የሸፈኑትን ጥቂት ቅጠሎች ይቀንሱ፤ ሁሉን ግን አያራቍቱ፥ ፀሐይ ፍሬውን ያቃጥለዋልና። ሰኔ ሲብት፥ ዝናቡ ሳይጠና፥ መዳቡን በቅጠሉ የበታች ፊት ያድርሱ። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በማግሥቱ ጥቂት ቅጠሎች ይገልብጡ። ፍሬው ከተለቀመ በኋላም ተክሉን አይርሱት፤ ቅጠሉ ለከርሞ የሚሆነውን ስንቅ የሚያጠራቅመው በዚያን ጊዜ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጠርገው ያቃጥሉ ወይም በጥልቀት ይቅበሩ፤ የዝናብ ሻጋታ ዘር በወደቀው ቅጠል ውስጥ ሆኖ የሚመጣውን ክረምት ይጠብቃልና። ውሃ ሲያጠጡም ምንጊዜም ከሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አያፍስሱ፤ ይህንንም ጧት ማድረግ ይሻላል።

ነገሩን ሁሉ በአጭሩ ለመያዝ ለሚፈልግ እንዲህ እንላለን። ከላይ የሚታበስ ዱቄት ካለ፥ ድኝ። ከላይ የዘይት ነጥብ፥ ከታች ነጭ ብናኝ ካለ፥ መዳብ። እብጠት ካለ፥ ቅጠሉን መልቀም። ያለ ዱቄትና ያለ ብናኝ ቢጫ ከሆነ፥ አፈሩን መመልከት። ቀልቶ ከተጠቀለለ፥ ችግኝ አለመስጠት።

የአደይ ወይን አልሞተም። ባለፈው ዓመት በጥር ገብቼ በራሴ እጅ ገረዝሁት፤ አንዱ ሐረግ ደርቆ ስለተገኘ እስከ ግንዱ ቈረጥነው፤ የቀሩት ግን አቈጠቈጡ። የዚያን ክረምት ፍሬው ጥቂት ነበር፤ ሁለት ክረምት ኀይሉን ካላጠራቀመ ወይን አይሞላምና። ዘንድሮ በሰኔ መጀመሪያ መርጫውን ይዤ ብሄድ፥ አደይ ቀድመውኝ በርጩማ ላይ ቆመው ቅጠል እየገለበጡ አገኘኋቸው። «ዛሬ ምንም የለበትም፤ ይልቅ ግባና ቡና ጠጣ» አሉኝ። እኔም ገባሁ፤ ከመቀመጤ በፊት ግን አምስት ቅጠሎች ገለበጥሁ። እውነትም ምንም አልነበረባቸውም።